ብረት የሚበላው ፍጡር

ባለፈው ሳምንት ስለ ብረት ዘመን እያስተማርኩ፣ «የጥንት የብረት ዕቃ እንደ ሸክላው በብዛት የማናገኘው ዝገት ስለሚበላው ነው» አልኩ። አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ከተበላማ የሚበላው ፍጡር አለ ማለት ነዋ!» አለኝ። ደብተሩ ላይ ሩቅ ፕላኔት ስሎ፣ እዚያ ብረት እየበላ የሚኖር ባለ ጥርስ ትንሽዬ ነገር አስቀምጧል። «ተረትህን ትተህ ቁጭ በል» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ማታ ቤት ገብቼ ሳነብ ነው ያፈርኩት።

እ.ኤ.አ. በ1911 ግሪፊዝ ቴይለር የሚባል ጂኦሎጂስት ከሮበርት ስኮት ቡድን ጋር አንታርክቲካ ሄዶ፣ ዛሬ በስሙ ከሚጠራው የበረዶ ግግር ጫፍ ላይ ደም የመሰለ ፈሳሽ ወርዶ አየ። ቦታው «የደም ፏፏቴ» ይባላል። ቴይለር ያቀላው አልጌ ነው ብሎ ገመተ። ተሳስቷል፤ ቀለሙ የብረት ነው። ከግግሩ ሥር ከባሕር ይበልጥ ጨዋማ የሆነ፣ ብረት የሟሟበት ውኃ ተቀብሯል። ጨው ስለበዛበት ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ገደማ ሆኖም በረዶ አይሆንም። ወጥቶ አየር ሲነካው ግን ብረቱ ይዝጋል፣ ይቀላል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ጂል ሚኩኪ ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ጥናት እዚያ ውኃ ውስጥ ሕይወት እንዳለ አሳየች። ብርሃን የለም፣ ኦክስጅን የለም፣ ከውጭው ዓለም ከተለያየም ቢያንስ 1.5 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። ተሕዋስያኑ ብረቱን የሚጠቀሙበት እኛ ኦክስጅንን በምንጠቀምበት ቦታ ነው። በሉት ከማለት ተነፈሱት ቢባል ይሻላል። በማርስ ሕይወት ይኖር ይሆን የሚሉ ሰዎች ይህን ቦታ አጥብቀው የሚያዩትም ለዚህ ነው። እንግዲህ ቴይለር ቀለሙን ሳተ እንጂ፣ በአጋጣሚም ቢሆን፣ ሕይወት አለ ማለቱን አልሳተም።

እሺ፣ «በላው» የሚባለውስ? እሱማ ከቴይለርም ይቀድማል። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እ.ኤ.አ. በ1888 የብረት ባክቴሪያዎችን አጥንቶ፣ የሟሟውን ብረት ወደ ዝገት እየለወጡ ጉልበት ያገኛሉ ሲል ጽፏል። እኔ በአስተማሪነት ዘመኔ ሁሉ «ዝገት በላው» ስል፣ በልቶ ዝገት የሚተው ፍጡር መኖሩን አላውቅም ነበር።

ሰኞ ልጁን ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁትና ይህንኑ ታሪክ ነገርኳቸው። ደብተሩን አውጥቶ «ታዲያ ሥዕሉ ልክ ነው ቲቸር?» አለኝ።

«ጥርሱን ብቻ አጥፋው» አልኩት።