የመድኃኒት ዳግም ሥምሪት፦ ስታቲንና ቁርጥማት

ለአንድ በሽታ ተሠርቶና ተፈቅዶ በሥራ ላይ ያለን መድኃኒት ለሌላ በሽታ ይረዳ እንደሆነ ፈትኖ መጠቀም በሕክምናው ዓለም «ድራግ ሪፐርፐዚንግ» ይባላል። በአማርኛ «የመድኃኒት ዳግም ሥምሪት» እንበለው፤ መድኃኒቱ ያው ሆኖ የሚሰማራበት ሥራ ይለወጣልና። መንገዱ የቆየ ነው። ዛሬ ለመገጣጠሚያ በሽታው ለሩማቶይድ አርትራይተስ በቀዳሚነት የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት መነሻው የካንሰር መድኃኒት ነበር፤ ለሉፐስ የሚሰጠው ሃይድሮክሲክሎሮኪንም የመጣው ከወባ መድኃኒቶች ወገን ነው። አሁን ተራው የስታቲኖች ሆኗል። አቶርቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲንና መሰሎቻቸው የደም ኮሌስትሮል ለመቀነስ የሚታዘዙ ክኒኖች ናቸው። የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን ሲያጠቃ የሚመጡ እንደ ሩማቶይድ አርትራይተስና ሉፐስ ያሉ በሽታዎችንም ያስታግሱ ይሆን? ማስረጃው ሲመዘን ለአንዳንዶቹ ረዳት ቢሆኑ እንጂ ዋናውን መድኃኒት አይተኩም።

የመጀመሪያውን ስታቲን በ1970ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከሻጋታ ያገኘው ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ነው። መድኃኒቱ ኮሌስትሮል ለመሥራት የሚያስፈልገውን ኢንዛይም ያግዳል። ከዚያው የሥራ መስመር ግን የመከላከያ ሕዋሳት መልእክት ለማስተላለፍ የሚጠቀሙባቸው ሌሎች ንጥረ ነገሮችም ይወጣሉ። መስመሩ ሲጠብ ብግነቱም ይበርዳል የሚለው ሐሳብ የተነሣው ከዚህ ነው። የግላስጎው ሐኪሞች በ2004 ባወጡት ጥናት 116 የሩማቶይድ አርትራይተስ ታማሚዎችን ለሁለት ከፍለው፣ ከነባር መድኃኒታቸው ጋር ለግማሾቹ በቀን 40 ሚሊ ግራም አቶርቫስታቲን፣ ለግማሾቹ ባዶ ክኒን ለ6 ወር ሰጡ። ከስታቲን ወሳጆቹ 31 በመቶው ሲሻላቸው፣ ከሌሎቹ የተሻላቸው 10 በመቶው ናቸው። በደም ውስጥ የብግነት ምልክት የሆነው ሲአርፒም በግማሽ ያህል ወረደ። ይህ እውነተኛ ለውጥ ነው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ወሳጆች በጥናቱ መለኪያ መሠረት እንዳልተሻላቸው መዘንጋት የለበትም።

ለውጡ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ለምን እንደክማለን የሚል ሰው ይኖራል። መልሱ ያለው ልብ ላይ ነው። ለዓመታት የዘለቀ ብግነት የደም ሥርንም ስለሚጎዳ የሩማቶይድ አርትራይተስ ታማሚ በልብ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይበልጣል። በእንግሊዝ 3,002 ታማሚዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2019 የታተመው ጥናት፣ አቶርቫስታቲን በወሰዱት ዘንድ የልብና የደም ሥር አደጋ በ34 በመቶ ማነሱን አሳይቷል። አደጋው በጠቅላላ ጥቂት ሰው ላይ ስለደረሰ ግን ጥናቱ ቀድሞ ቆመ፤ ልዩነቱም በስታቲስቲክስ ቁርጥ ያለ አልሆነም። በሌሎች በሽታዎች ተስፋው ይበልጥ ተፈትኗል። በነርቭ ሥርዓት ላይ በሚደርሰው መልቲፕል ስክለሮሲስ 140 ሰዎች የተሳተፉበት የ2014 ጥናት ሲምቫስታቲን የአንጎልን መሟሸሽ እንደሚያዘገይ አሳይቶ ነበር፤ 964 ሰዎችን የያዘውና በ2024 ይፋ የሆነው ተከታይ ጥናት ግን የአካል ጉዳቱ መባባስ እንዳልቀነሰ አረጋገጠ። የትንሽ ጥናት ውጤት በትልቁ ሳይረጋገጥ ለታማሚ ተስፋ መስጠት አይገባም የምለው ለዚህ ነው።

ርካሽና የታወቀ መድኃኒት ስለሆነ ገዝቶ መሞከር ምን ይጎዳል የሚለው ሐሳብ ይበልጥ ያሳስበኛል። ስታቲን ጡንቻ ሊያሳምም ይችላል፤ አልፎ አልፎም ራሱ መከላከያውን ቀስቅሶ ጡንቻን የሚያፈርስ በሽታ ያመጣል። ከሁሉ በላይ ግን እንደ ደቡብ ወሎዋ ደጎሎ ባለ ደጋ አገር «ቁርጥማት» የሚለው ስም ብዙ በሽታ ይሸከማል፤ ብዙ ጊዜም ብርዱ ነው ተብሎ ይታለፋል። ጠዋት ሊጥ ልታቦካ ስትል ጣቷ አልታጠፍ የሚላት፣ የሁለቱም እጇ አንጓ አብጦ ከአንድ ሰዓት በላይ ፀሐይ ሳትሞቅ የማይፈታላት ሴት የሩማቶይድ አርትራይተስ ምልክት አላት፤ ደሴ ድረስ መሄድ ቢጠይቅም ቶሎ መመርመርና ዋናውን መድኃኒት መጀመር ይገባታል። በእርሻ የደከመ ጉልበት ሌላ ነው። ጉሮሮውን ታሞ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሕመሙ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘልበት ልጅ ደግሞ የሩማቲክ ትኩሳት ይዞት ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ የልብን ቫልቭ ያበላሻል፤ ዳግም እንዳይነሣ የሚከላከለውም ስታቲን ሳይሆን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ነው። መገጣጠሚያው ቢሻለውም መርፌው ለዓመታት ይቀጥላል።