ይዞራል፣ ግን አይነሳም፦ ከምኒልክ ዘመን መኪና እስከ ጎፋ ጋራዥ

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚሰማው «እስቲ ግፉልኝ!» የሚል ጥሪ ነው። ጎፋም ይሁን ጀሞ፣ መካኒሳም ይሁን ላፍቶ፣ የሚገፋ ሰው አይጠፋም። ግን መግፋት የሚተካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሞተሩን የሚያዞረውን ጉልበት። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ በራሱ በደንብ የሚሽከረከር ከሆነ ጉልበቱማ አለ። የጎደለው ሌላ ነው፤ ገፊዎቹ የሚደክሙት በከንቱ ነው።

ታዲያ መዞርና መነሳት እንዴት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆኑ? መልሱ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስደናል።

ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 የሠራው ሞተር በአራት እርምጃ ይሠራል፦ አየርና ነዳጅ ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ጭሱን ያስወጣል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ጉልበት የሚሰጠው ሦስተኛው እርምጃ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሞተሩ ገና ጉልበት ሳይኖረው ሌላ አካል ሊያዞርለት ይገባል። «መዞር» ይሄ ነው። እሳቱ ተቀጣጥሎ ሞተሩ በራሱ መሄድ ሲጀምር ደግሞ «ተነሳ» እንላለን።

በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቢዲ ቤንትሊ ከጅቡቲ ተነስቶ የመጀመሪያዋን መኪና አዲስ አበባ ድረስ ነድቶ ዐፄ ምኒልክ ፊት ሲያቀርብ፣ የባቡሩ ሐዲድ ገና ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር። በዚያ ዘመን ሞተር የሚዞረው በሰው ክንድ ነው፤ ከፊት በሚሰካ የብረት እጀታ። ሥራው አደገኛ ነበር። እሳቱ ያለጊዜው ከተነሳ እጀታው ወደ ኋላ ተወርውሮ የእጅ አጥንት ይሰብራል።

ያው ክንድ ግን የምርመራ መሣሪያም ነበር። እጀታው እየከበደ፣ እየቀለለ የሚሄድ ከሆነ እመቃው ደህና ነው። እንዲሁ እየቀለለ ያለ ምንም ትግል ከዞረ ግን አየሩ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው ማለት ነው።

አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው በኤሌክትሪክ የሚያዞር ሞተር በ1912ቱ ሞዴል ካዲላክ ላይ ሲገጠም (ዓመቱ እ.ኤ.አ. ነው) ክንዱ አረፈ። እኛ ይህን ዕቃ «ሞተሪኖ» እንለዋለን፤ በጣሊያንኛ «ትንሽ ሞተር» ማለት ነው። እሳት የሚረጨው «ካንዴላ»ም በጣሊያንኛ ሻማ ነው። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ኮፈን፣ ቺንጋ፣ ሁሉም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። የሚገርመው፣ ሽቦ አልባው መገናኛ ሲመጣ ሕዝቡ «የነፋስ ስልክ» ብሎ የራሱን ስም አወጣለት፤ የክፍለ ከተማው መጠሪያም ይኸው ቃል ነው። የመኪናውን ሆድ ዕቃ ግን ጣሊያናውያኑ መካኒኮች እንደጠሩት ተቀበለው።

ሞተሪኖ ከመጣ በኋላ የክንድን ቦታ ጆሮ ያዘ። ሞተሩ በደንብ ሲታመቅ «እህ፣ እህ፣ እህ» እያለ እየታገለ ይዞራል። እንደ መሰንጠቂያ መጋዝ ሳይቆራረጥ በፍጥነት ካፏጨ እመቃ የለም፤ ምናልባት ቺንጋው ተበጥሷል። እንዲህ ከሆነ ደጋግሞ ቁልፍ ማዞር ጉዳቱን ሊያብስ ይችላል።

አፍንጫም ይረዳል። ሲዞር ቆይቶ ከጭስ ማውጫው የቤንዚን ሽታ ከመጣ ነዳጁ እየደረሰ ነው፤ የቀረው እሳት ሊሆን ይችላል። ምንም ካልሸተተ ጥርጣሬው ወደ ነዳጅ ፓምፑ ይሄዳል። ቁልፉ ሲከፈት ከኋላ ወንበር አካባቢ ለአንድ ሁለት ሰከንድ የምትሰማው «ዝዝዝ» የሱ ድምፅ ናት። እሷም ከጠፋች መካኒኩ በቅድሚያ ፊውዙን ያያል።

ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ሦስተኛ መርማሪ መጣ፤ ኮምፒውተር። የሞተሩን ዙር የሚያነብ ሴንሰር ከተበላሸ ኮምፒውተሩ መቼ እሳት እንደሚሰጥ አያውቅም፤ ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አይነሳም። በቁልፉ ውስጥ ያለችውን ቺፕ ካላወቃትም ሌባ መጣ ብሎ ነዳጁን ወይም እሳቱን ይዘጋል። ስለዚህ ዛሬ መካኒኩ ስካነር ይሰካል።

ክንድ፣ ጆሮ፣ ስካነር፤ መሣሪያው ተቀያየረ እንጂ ጥያቄው ከኦቶ ዘመን አልተለወጠም። እመቃ አለ? ነዳጅ ይደርሳል? እሳቱ በሰዓቱ ይመጣል? ስካነሩ የሚያነበው ኮድም እኮ ፍንጭ ነው፤ ፍርድ አይደለም።

ይህ የታሪክ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አሳውቋል። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሪኖ የለውም፤ ቁልፉ ሲከፈት ለመሄድ ዝግጁ ነው። አሁን በከተማው የሚሄዱት የቤንዚን መኪኖች ግን ገና ለዓመታት ይጠገናሉ፤ የብዙ ቤተሰብ እንጀራም በነሱ ላይ ነው። ሦስቱን ጥያቄዎች በተራ የሚጠይቅ መካኒክ አንዱን ዕቃ ለይቶ ያወጣል። ሳይጠይቅ የሚጀምር ግን ዛሬ ካንዴላ፣ ነገ ፓምፕ፣ ከነገ ወዲያ ሴንሰር እያለ ይቀያይራል፤ ለእያንዳንዷ ግምት የሚከፍለው ደግሞ የመኪናው ባለቤት ነው።