የቦወርስ መዝገብ

የሱሉልታ ልጆች የታኅሣሥን ማለዳ ታውቃላችሁ፤ ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል። ያ ቅዝቃዜ ከዜሮ ዲግሪ ብዙም አይርቅም። እስቲ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪን በሸራ ድንኳን ውስጥ አስቡት።

እ.ኤ.አ. በማርች 1912 ከደቡብ ዋልታ ይመለሱ የነበሩት ካፒቴን ስኮትና ጓዶቹ የገጠማቸው ይህ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ሄንሪ ቦወርስ አማኝ ነበር፤ ከሥራዎቹም አንዱ የአየሩን ጠባይ መመዝገብ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎማ የሌለው የበረዶ ጋሪ ሲጎትት ውሎ፣ በደነዘዘ ጣቱ የቴርሞሜትሩን ቁጥር ይጽፋል። ጋሪው የሚንሸራተተው በረዶው ከሥሩ ጥቂት ሲሟሟ ነው፤ ብርዱ ሲበረታ ግን እንደ አሸዋ ይይዛል። ስንቅ ካስቀመጡበት ቦታ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራቸው ዐውሎ ነፋስ አገዳቸው። ስኮት፣ ዊልሰንና ቦወርስ እዚያው ዐረፉ።

ኖቬምበር 12 የተገኙት ከነማስታወሻቸው ነው። ሐኪሙ አትኪንሰን ከቆሮንቶስ መልእክት የቀብሩን ምንባብ አነበበላቸው።

ስኮት ያልተጠበቀ ብርድ እንደገጠማቸው ጽፎ ነበር። አንዳንዶች ሰበብ አድርገው ቈጠሩት። በ2001 ግን ሱዛን ሰለሞን የተባለች አሜሪካዊት ሳይንቲስት የጉዞውን ልኬቶች በዚያው በረዶ ላይ ከተተከሉ ዘመናዊ ጣቢያዎች መዝገብ ጋር አስተያየች። ያ ማርች በእርግጥ ከወትሮው እጅግ የቀዘቀዘ ነበር። ስኮት አልተሳሳተም ማለቴ አይደለም፤ ስንቁና ነዳጁ ለክፉ ዓመት የሚበቃ አልነበረም። ስለ ብርዱ ግን እውነቱን ነበር የጻፈው።