የአጼ ምኒልክ ሕመም እና የሽማግሌዎቻችን መርሳት

ወላይታ አጼ ምኒልክን የሚያስታውሳቸው በ1887 ዓ.ም. ዘመቻ ነው። ካዎ ጦና ቆስለው የተማረኩበት ዘመቻ። አብሮ የተጓዘው ፈረንሳዊው ቫንደርሃይም ያየውን ጽፎታል፤ ስለሱ ሌላ ቀን በሰፊው እመለስበታለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ያን ጦር ራሳቸው የመሩት ንጉሥ ከ11 ዓመት በኋላ ስለገጠማቸው ነገር ነው። መጻሕፍቶቻችን «ታመሙ» ብለው ቶሎ ያልፉታል።

በ1898 ዓ.ም. ገደማ፣ 62 ዓመት አካባቢ ሳሉ፣ የመጀመሪያው ስትሮክ መታቸው። ወሬው ውጭ አገር ለመድረስ አልዘገየም። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ታኅሣሥ 1899 ላይ የሦስትዮሹን ስምምነት ፈረሙ፤ ምኒልክ ሲያልፉ አገሪቱ ብትፈርስ ጥቅማችንን እንዴት እናስከብር ነው ነገሩ። የአንድ ሰው የደም ሥር የሦስት መንግሥታት አጀንዳ ሆነ ማለት ነው። ጥቅምት 1902 ላይ ደግሞ ከባዱ መጣ። ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፣ አንደበታቸው ተያዘ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት በሕይወት ኖሩ፤ ግን መግዛት ቀርቷል። እቴጌ ጣይቱ፣ ራስ ቢትወደድ ተሰማ፣ ልጅ ኢያሱ፣ መኳንንቱ፣ ሁሉም በዚያ አልጋ ዙሪያ ተሻሙ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ሲያርፉም ሞታቸው ተደበቀ።

በቤተ መንግሥቱ ምን ተባለ? መርዝ! ሽታይንኩለር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ሳይቀር ንጉሡ እየተመረዙ ነው ብሎ ግቢውን አተራመሰው። ዛሬም አንድ ትልቅ ሰው ድንገት አንደበቱ ሲያዝ ሰፈር ውስጥ የሚወራው ያው አይደል?

አማርኛ ግን የሚገርም ቋንቋ ነው። ለማስተዋል «ልብ በል» ይላል፣ ራሱን የማያውቀውን «ልቡን ሳተ» ይላል። ሐኪሞች በኋላ የደረሱበት ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆን ነው፤ ልብ ከሚረጨው ደም ግን 15 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ግፊት ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይጠነክራሉ፣ ይጠባሉ፣ አንዳንዱ ይደፈናል። ሁሌም እንደ ምኒልክ በአንድ ጊዜ አይጥልም። ባለቤቱ እንኳን የማያውቃቸው ትንንሽ ስትሮኮች አሉ፤ እየተደራረቡ ስም ያስረሳሉ፣ ሐሳብ ያዘገያሉ። እኛም «ጃጀ» እንላለን።

የፈረንጅ መሪም ቢሆን አላመለጠም። አጼ ኃይለ ሥላሴ የካቲት 1937 ላይ ግብፅ ድረስ ሄደው፣ መርከብ ላይ ያነጋገሩት ሩዝቬልት በሁለት ወሩ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ ሞተ። ግፊቱ ለዓመታት ሲያሻቅብ ሐኪሞቹ ይመዘግቡ ነበር፤ የረባ መድኃኒት ግን በዘመኑ አልነበረም። አሜሪካኖች የፍራሚንግሃምን ትልቁን የልብ ጥናት የጀመሩት ከዚያ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ይሄ እኔን የታሪክ መምህሩን ለምን ያሳስበኛል? የወላይታ ማላንና የትግሬን ሥርወ መንግሥት ነገሥታት በቅደም ተከተል የሚቆጥሩልን ሽማግሌዎች ናቸው። አብዛኛው ታሪካችን ወረቀት ላይ ከመስፈሩ በፊት እነሱ ጭንቅላት ውስጥ ነበር፤ ገና ያልተጻፈውም እዚያው ነው። ታዲያ ቤተሰብ «ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ይተወዋል። ከ80 ዓመት በላይ የሆናቸው 3,845 ሰዎች የተካፈሉበት፣ በፈረንጆቹ 2008 የታተመ ጥናት አለ። ግፊታቸው የታከመላቸው ሰዎች ላይ የልብ ድካምም ሞትም ቀንሶ ተገኘ። በዚያ ዕድሜ መድኃኒት ምን ይሠራል ለሚሉ ጥሩ መልስ ነው። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ግፊትን ጠበቅ አድርጎ መቆጣጠር ቀለል ያለውን የማስታወስ ችግር እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሙሉ የመርሳት በሽታን ያስቀራል ወይ የሚለውን ግን ያ ጥናት አልቆረጠውም፤ ከሱ በላይ አልጨምርም።

ታሪክ ልታሰባስቡ ገጠር የምትወጡ ልጆች፣ ከመቅረጫው ጋር የግፊት መለኪያ ያለው የጤና ባለሙያ ጓደኛችሁን አስከትሉ። ሶዶ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ አባትና እናታችሁን ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ነርስም ሐኪምም የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ከታች ጨምሩበት፤ በተለይ ስለ ሃይታ ቱኬው ጨው። እሱን ተዉ ብዬ ለሽማግሌ የምናገርበት አፍ የለኝም፣ እናንተ ንገሯቸው።