የዶክተር ሊቪንግስተን የመድኃኒት ሣጥን

ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት የሚይዘውን ዕቃ በዝርዝር ጽፎ፣ እያንዳንዱንም ከሣጥን ሲከት ምልክት እያደረገበት ጓዙን ማሰናዳቱ የቆየ ልማድ ነው። ዝርዝሩ «ምን ተይዟል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። «የቱ ዕቃ ከየቱ ጋር ታሰረ? በማን ትከሻ ላይ ነው ያለው? እሱ ቢጠፋስ ምን ይቀራል?» ለሚሉት ግን መልስ የለውም። በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ መካከለኛው አፍሪካ ከዘለቁት መንገደኞች መካከል ጓዝን በማሰናዳት ረገድ እንደ ዴቪድ ሊቪንግስተን የሚጠነቀቅ ጥቂት ነበር። ሆኖም ከጕዳቶቹ ሁሉ እጅግ ያሳዘነው የደረሰበት በእነዚሁ ጥያቄዎች በኩል ነው። (ዘመኑ በሙሉ የተጠቀሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ሊቪንግስተን የስኮትላንድ ተወላጅ ሲሆን በ1840 በግላስጎው የሕክምና ፈቃድ ያገኘ ሐኪም ነበር። በኖቬምበር 1853 ከሊንያንቲ ተነሥቶ 27 ሰዎችን በማስከተል በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ወደምትገኘው ወደ ሉዋንዳ ሲያቀና የያዘውን ዕቃ በ1857 ባሳተመው የጕዞ መጽሐፉ ውስጥ አንድ በአንድ ቈጥሮ አስቀምጦታል። ጥቂት ብስኩት፣ ጥቂት ሻይና ስኳር፣ ወደ 9 ኪሎ የሚሆን ቡና፤ ወርዱና ቁመቱ 15 ኢንች በሆነ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ መለወጫ ሸሚዝ፣ ሱሪና ጫማ፤ በዚያው ልክ በተሠራ ሌላ ሣጥን መድኃኒት፤ በሦስተኛው መጻሕፍት፤ በአራተኛው ደግሞ ሥዕልን በብርሃን አጉልቶ የሚያሳይ ፋኖስ። ከዚህ በቀር አንዲት ትንሽ ድንኳን፣ የበግ ለምድ፣ ለመኝታ የሚሆን የፈረስ ልብስ፣ ጥቂት ጠመንጃና ለመንገድ መገበያያ የሚሆን ዶቃ ነበር። ፋኖሱ ትርፍ ሸክም የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን በየደረሰበት መንደር ሕዝቡ ሊያየው ይሰበሰብ ስለ ነበር ከንቱ ዕቃ አልሆነበትም።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ በተለይ ሊስተዋል የሚገባው ስለ ባሩድና ስለ ጥይት የተጻፈው ነው። ሊቪንግስተን ባሩዱን በአንድ ስፍራ አላኖረውም። አንዱ ሸክም አደጋ ቢደርስበት ከሌላው እንዲገኝ በማሰብ በጓዙ ሁሉ ውስጥ ከፋፍሎ በተነው። መድኃኒቱ ግን ያው በአንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነበር።

የመድኃኒቱን ዋጋ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። በ1820 ፔልቲዬና ካቫንቱ የተባሉት ፈረንሳውያን ከሲንኮና ዛፍ ልጥ ኪኒንን ለይተው ካወጡ ወዲህ የወባ ሕክምና መልኩ ተለውጦ ነበር። በ1854 ዶክተር ዊልያም ቤይኪ የኒጀርን ወንዝ ሽቅብ ሲወጣ ለመርከቡ አውሮፓውያን ኪኒን አስቀድመው እንዲወስዱ በማድረጉ አንድም ሰው በንዳድ ሳይሞትበት ተመልሷል። (በአገራችን ማናቸውም እንክብል «ኪኒን» እየተባለ መጠራቱ የዚሁ መድኃኒት ዝና ቅርስ ነው።) ሊቪንግስተንም ራሱ ኪኒንን ከካሎሜል፣ ከጃላፕ ሙጫና ከሩባርብ ጋር ቀምሞ የሠራው እንክብል ነበረው። ካሎሜል የባዜቃ ውሁድ በመሆኑ ዛሬ ይህን ቅመም ለበሽተኛ የሚያዝ ባለሙያ አይገኝም፤ ለዚያ ዘመን ግን የተመሰገነ ነበር።

ማስጠንቀቂያም አልጎደለውም። በጃንዋሪ 1862 ጳጳሱ ቻርልስ ማኬንዚ በሺሬ ወንዝ ላይ ሲጓዙ ታንኳቸው ተገልብጣ መድኃኒታቸው በውሃ ተወሰደ። ጳጳሱ ሩዎና ሺሬ ከሚገናኙበት ስፍራ አጠገብ ባለች ደሴት ላይ በንዳድ ተይዘው በዚያው ወር መጨረሻ ሞቱ። አብሯቸው የነበረው ቄስ በረፕም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተከተላቸው። ሊቪንግስተን በዚያ ጊዜ በዚያው የወንዝ አካባቢ ይሠራ ስለ ነበር ነገሩን በሚገባ ያውቀዋል።

ሊቪንግስተን የመጨረሻውን ጕዞ የጀመረው በ1866 ነው። በዛሬዪቱ ታንዛንያ ባሕር ዳር ከምትገኘው ከሚኪንዳኒ ሲነሣ ከተከታዮቹ ሌላ 6 ግመሎች፣ ጐሾች፣ በቅሎዎችና አህዮች ነበሩት። ዓመቱ ሳያልቅ እንስሶቹ ሞቱ፤ ከተከታዮቹም አብዛኞቹ ከፊሉ ተሰናበተ፣ ከፊሉ ከዳ። ጃንዋሪ 20 ቀን 1867 በዛሬዪቱ ዛምቢያ ሰሜናዊ ምሥራቅ፣ ከቻምቤሺ ወንዝ ከመድረሳቸው በፊት፣ በመንገድ የተቀላቀሉት ሁለት የያኦ ተወላጆች በጫካ ውስጥ ተሰወሩ። ወዲያው ከባድ ዝናብ ወርዶ ዱካቸውን አጠፋው። የምግብ ሳሕኖቹ፣ አንድ ትልቅ የባሩድ ሣጥን፣ በውድ የተገዛው ዱቄት፣ የሥራ መሣሪያዎችና ሁለት ጠመንጃዎች ከእነርሱ ጋር ሄዱ። የመድኃኒቱም ሣጥን ሄደ።

ሣጥኑን ዘወትር የሚሸከመው ባራካ የሚባል ወጣት ነበር፤ ለዚህ የተመረጠውም በጥንቃቄው ነው። በዚያ ጧት ግን ከሁለቱ አንዱ «ላግዝህ» ብሎ ሸክም ተለዋወጠው። የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከመድኃኒቱ ሣጥን ጋር አምስት ትልልቅ ጨርቆችና የባራካ የግል ልብስና ዶቃ አብረው ታስረው ነበር። ጨርቅ በዚያ አገር ገንዘብ ነው፤ በተሸካሚው በራሱ ሸክም ውስጥ ደግሞ ጨርቅ አልነበረበትም። ስለዚህ የተፈለገው ጨርቁ እንጂ ኪኒኑ አልነበረም ቢባል ከእውነት አይርቅም። ሊቪንግስተንም ወንበዴዎቹ ሣጥኑን ከፍተው እንዳዩት እንደሚጥሉት ገምቶ ነበር። ለነርሱ የማይጠቅመውን፣ ለእርሱ ግን ሕይወት የሆነውን ነገር ያጣው ከገንዘብ ጋር በአንድ ገመድ ስለ ታሰረ ነው። በማስታወሻው እንደ ተናዘዘው ሌላውን ዕቃ ሁሉ ለመጥፋትና ለመክዳት አስቦ ከፋፍሎት ነበር፤ የመድኃኒቱ መጥፋት ግን በሕልሙም አልመጣበትም። የሞት ፍርድ የተፈረደበት ያህል እንደ ተሰማው ሲጽፍ ያነሣው የማኬንዚን ስም ነው። የከዱትን ሰዎች ግን በጨካኝነት አልፈረደባቸውም፤ በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው ያደጉ መሆናቸውን አስታውሶ ምክንያት ፈልጎላቸዋል።

በኤፕሪል ወር የታንጋኒካ ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ ሲደርስ ንዳድ ጥሎት ራሱን ሳተ። መድኃኒት ወደ ኡጂጂ እንዲላክለት ወደ ዛንዚባር ጽፎ ነበር። በማርች 1869 በሳንባ ሕመም ተዳክሞ፣ በቃሬዛ ተይዞ ኡጂጂ ሲገባ ከተላከለት 80 ጣቃ ጨርቅ 62ቱ ተዘርፎ ቈየው። መድኃኒቱም የ13 ቀን መንገድ ርቆ በኡንያንየምቤ ተቀምጧል። በ1871 ሄንሪ ስታንሊ እስኪደርስለት ድረስ የነበረበትን ችግር ታሪክ ጸሐፊዎች በሰፊው ጽፈውታል። በ1873 በባንግዌሉ ሐይቅ አቅራቢያ ሲሞት ከዋና ሕመሞቹ አንዱ የአንጀት መድማት ስለ ነበር፣ አሟሟቱን በዚያች ሣጥን ብቻ ማሳበብ ልክ አይሆንም። ከ1867 እስከ 1871 ድረስ በሽታን ያለ መሣሪያ መታገሉ ግን የማይካድ ነው።

ሊቪንግስተን ለባሩድ የሠራበት ዘዴ ለመድኃኒት ሲውል ምን እንደሚመስል ለማየት፣ የዓለም የጤና ድርጅት ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ሆኖ በ1990 ያወጣውን የአስቸኳይ ጊዜ የጤና ዕቃ ዝርዝር መመልከት ይቻላል። ዝርዝሩ የተሰላው ለ10,000 ሰዎች ለ3 ወር ያህል እንዲበቃ ነው። መሠረታዊው መድኃኒት ግን በአንድነት አልታሸገም። አንዱ ከሌላው በማይለይ 10 ክፍል ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ክፍል ለ1,000 ሰው እንዲሆን ተደርጓል። የጭነት መኪናም ሆነ አህያ ይዞት ወደ አንድ የጤና ጣቢያ ለብቻው ሊሄድ ይችላል። አንዱ በወንዝ ቢወሰድ ለ9,000 ሰው የሚሆነው ይተርፋል። ለሐኪሞች የሚላከው ተጨማሪ ክፍል ግን ለ10,000ው ሰው አንድ ብቻ ነው።