ክታብና ክትባት፦ ሕፃናትን ይቀጥፍ የነበረው ፈንጣጣ የት ገባ?

ተክለ ሃይማኖት ታክሲ ስትጠብቁ የሚያልፉትን አዛውንት ልብ ብላችሁ አይታችኋል? አንዳንዶቹ ፊታቸው ላይ ብዙ ትናንሽ ጉድጓዳ ጠባሳዎች አሉ። እናንተና እኩዮቻችሁ ላይ ግን ይህን አታዩም። ለምን ይመስላችኋል?

ጠባሳው የፈንጣጣ ነው። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ፈንጣጣ ሲገባ የእቴጌ ምንትዋብን የቁስቋም ቤተ መንግሥት እንኳ አልማረም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ሕሙማኑን እንዲያይ ተጠራ። በሩንና መስኮቱን አስከፈተ፣ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አጠነ። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ኮንፉ ዳነ። ግን ልብ በሉ፦ ፈንጣጣን የሚያድን መድኃኒት አልነበረም። የንጉሥ ልጅም የድሃ ልጅም እኩል ነበር።

ታዲያ ወላጆች ምን ያደርጉ ነበር? እዚህ ላይ ቋንቋችን አንድ ነገር ይነግረናል። «ከተበ» ማለት ጻፈ ማለት ነው፤ አንገት ላይ የሚታሰረው ክታብም፣ ክንድ ላይ የሚሰጠው ክትባትም ከዚሁ ቃል የወጡ ናቸው። በአገራችን ዘመናዊ ክትባት ከመምጣቱ በፊት ከሕመምተኛ ቁስል ፈሳሽ ወስደው የጤነኛውን ቆዳ ጫር አድርገው የሚከትቡ ሰዎች ነበሩ። የተከተበው ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ ፈንጣጣ ይይዘውና ከዚያ በኋላ አይደገምበትም። ችግሩ ምን መሰላችሁ? የሚሰጠው ራሱ እውነተኛው በሽታ ነው። አንዳንዱን ይገድላል፣ ወደ ጎረቤትም ይዛመታል።

በአሜሪካም ይኸው ጥያቄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1721 ቦስተን ውስጥ በፈንጣጣ ከተያዙት ከ7 አንድ ያህሉ ሞቱ፤ ከተከተቡት ግን ከ40 አንድ ያህሉ ብቻ። ዘዴውን ለከተማው ያሳወቀው ደግሞ ኦኔሲመስ የተባለ በባርነት የተያዘ አፍሪካዊ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ሆኖም ልጁን ፍራንሲስን ሳያስከትብ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1736 የ4 ዓመቱ ሕፃን በፈንጣጣ ሞተ። አባትየው ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ጸጸቱ እንዳልለቀቀው በግለ ታሪኩ ጽፏል። ቢያስከትበውና ቢሞትበትስ? ያኔም ይጸጸት ነበር። ወላጆች የሚመርጡት በሁለት ፍርሃት መካከል ነበር።

ከዚያ ምርጫ ያወጣን በላም ፈንጣጣ የተጀመረው የኤድዋርድ ጄነር ክትባት ነው (እ.ኤ.አ. 1796)። ፈንጣጣን ራሱን ስለማይሰጥ አደጋው እጅግ ያነሰ ነበር። ኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻዋን በ1963 ዓ.ም. ስትጀምር፣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ፣ አንዳንዴም በሄሊኮፕተር ገደል ለገደል ዞሩ። በጎጃም አንዳንዱ ገበሬ «እኛ የራሳችን ከታቢ አለን» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ሞኝነት አልነበረም እኮ! የሚያውቀውን ነው ያመነው።

በአገራችን የመጨረሻዋ ታማሚ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን የተገኘች የ3 ዓመት ሕፃን ናት። ፈንጣጣ የሚኖረው በሰው ላይ ብቻ ስለሆነ መደበቂያ እንስሳ አልነበረውም፤ የሚይዘው ሰው ሲያጣ አለቀ። ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

እስቲ ዛሬ ማታ አያቶቻችሁን ጠይቁ፦ «ፈንጣጣ በእናንተ ጊዜ ማንን ወሰደ?» በብዙ ቤት የአንድ ሕፃን ስም ይነሣል።