የግፊት ታሪክና የጋዝ ክምችት ክፍሎች

የግፊት ታሪክ ማለት ከአንድ የተፈጥሮ ጋዝ ክምችት ጋዝ መውጣት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በየጉድጓዱ የተለካው ግፊት መዝገብ ነው። መዝገቡ ክምችቱ አንድ ወጥ መሆኑን ወይም እርስ በርስ በማይገናኙ ክፍሎች መከፋፈሉን ለማወቅ ይረዳል።

የክፍሎች አፈጣጠር

ጋዙ የሚገኘው በባዶ ዋሻ ውስጥ ሳይሆን፣ እንደ አሸዋ ድንጋይ ባሉ ዓለቶች ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። ዓለቱ ተሰብሮ አንዱ ወገን ሲንሸራተት ወይም በመካከሉ የሸክላ ንጣፍ ሲኖር መተላለፊያው ሊዘጋ ይችላል። ያን ጊዜ በአንዱ ክፍል የተቆፈረ ጉድጓድ የሌላውን ክፍል ጋዝ ማውጣት አይችልም።

ስሌቱ

ጉድጓዱ ለተወሰነ ጊዜ ይዘጋና ግፊቱ ሲረጋጋ ይለካል። የተለካው ግፊት፣ ጋዙ ከፍጹም ጋዝ ምን ያህል እንደሚለይ በሚያሳየው «ዜድ» በተባለ ቁጥር ይካፈላል። ውኃ በማይገፋው ዝግ ክምችት፣ ይህ ውጤት ከወጣው ጋዝ መጠን ጋር ሲነጻጸር ወደ ታች የሚወርድ ቀጥተኛ መስመር ይሰጣል። ለምሳሌ ውጤቱ 3 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ጋዝ ከወጣ በኋላ ከ300 ወደ 270 ባር ቢወርድ፣ አንድ አሥረኛው ወጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የነበረው ጋዝ 30 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ይሆናል።

ክፍሎችን መለየት

* የተለያዩ ጉድጓዶች ግፊት ለዓመታት አብሮ ከወረደ፣ ጉድጓዶቹ የተገናኙ ሳይሆኑ አይቀርም።
* ብዙ ጋዝ በወጣበት አካባቢ የተቆፈረ አዲስ ጉድጓድ የመጀመሪያውን ግፊት ካሳየ፣ የተለየ ክፍል አግኝቷል።
* መስመሩ ከጊዜ በኋላ አወራረዱ ከቀነሰ፣ ከጎረቤት ክፍል ጋዝ ቀስ እያለ እየገባ ሊሆን ይችላል። ከሥር የሚገፋ ውኃም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚሰጥ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ምርት ከመጀመሩ በፊት የታየ እኩል ግፊት ብቻውን የመገናኘት ማስረጃ አይሆንም። እጅግ ጠባብ በሆነ መተላለፊያም ቢሆን ግፊት በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ሊስተካከል ይችላልና። ጉድጓዶች የሚያገለግሉት ግን ለአሥርተ ዓመታት ብቻ ነው።

የግሮኒንገን ምሳሌ

በኔዘርላንድስ የሚገኘው የግሮኒንገን ክምችት እ.ኤ.አ. በ1959 ተገኘ። ጋዙ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው፣ ብዙ ስብራት በሚያቋርጠው የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ይገኛል። የመጀመሪያው ግፊት 350 ባር ገደማ ነበር። ግፊቱ ሲወርድ ዓለቱ እየተጨመቀ በስብራቶቹ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ አስከተለ፤ በ2012 በሁይዚንገ የደረሰው በመጠን 3.6 ነበር። በ2014 በሎፐርሱም አካባቢ ምርት በእጅጉ ተቀነሰ። ሆኖም የክምችቱ አብዛኛው ክፍል የተገናኘ ስለሆነ፣ ጋዝ ከፍተኛ ግፊት ካለበት ወደ ዝቅተኛው መፍሰሱን አያቆምም። በዚህም ምክንያት መደበኛ ምርት በ2023 ከቆመ በኋላም የግፊቱ ክትትል ለነዋሪዎች ደኅንነት አስፈላጊ ነው።